ነጥብና ቀስት፦ «የኮከብ የሕይወት ዑደት» በሚባለው ሥዕል ላይ የቀረበ ሂስ

ሥዕሉን ታውቁታላችሁ። በፊዚክስ መጽሐፍ ውስጥ ወይም በክፍል ግድግዳ ላይ አይታችሁታል፤ ስልካችሁ ላይ ስለ ኮከብ ሕይወት ስትፈልጉም ቀድሞ ብቅ የሚለው እሱ ነው። በግራ በኩል ባለቀለም የጋዝ ደመና አለ። ከደመናው ሁለት ቀስቶች ይወጣሉ። አንዱ እንደ ፀሐይ ወዳለ ኮከብ፣ ከዚያ ወደ ቀይ ግዙፍ፣ ከዚያ ወደ ጋዝ ቀለበት፣ በመጨረሻም ወደ ነጭ ድንክ ይወስዳል። ሌላው ወደ ትልቅ ኮከብ፣ ወደ ቀይ ልዕለ ግዙፍ፣ ወደ ሱፐርኖቫ ፍንዳታ፣ ከዚያም ወደ ኒውትሮን ኮከብ ወይም ወደ ጥቁር ጉድጓድ ያደርሳል። አለቀ። የቢሊዮን ዓመታት ታሪክ በአንድ ገጽ።

መጽሐፍና ፊልም ሂስ ይጻፍባቸዋል። ሥዕልም ሊጻፍበት ይገባል፤ በተለይ ብዙ ተማሪ ስለ ከዋክብት የሚያውቀውን ሁሉ ከእሱ ብቻ የሚያገኝ ከሆነ። ስለዚህ ዛሬ ይህን ሥዕል እንደ አንድ ሥራ ወስደን እንመርምረው፦ ምን በደንብ ነገረን? ምን ደበቀብን? የተሻለ ሥዕልስ አለ ወይ? (ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

መጀመሪያ ምስጋናው

ሥዕሉ ውሸታም አይደለም። እንዲያውም ከሥነ ፈለክ ትልልቅ ግኝቶች አንዱን በሁለት ቀስት ብቻ ይናገራል፦ የኮከብን ዕጣ በዋናነት የሚወስነው ሲወለድ የያዘው የቁስ መጠን ነው። ከፀሐይ 8 እጥፍ ገደማ በታች ከሆነ በነጭ ድንክነት ያበቃል፤ ከዚያ በላይ ከሆነ ፍጻሜው አብዛኛውን ጊዜ ፍንዳታ ነው። ይህን በቃላት ለማስረዳት ገጾች ይፈጃል። ሥዕሉ በአንድ እይታ ያስጨብጣችኋል። ይህ ቀላል ሥራ አይደለም።

ችግሩ ያለው ሌላ ቦታ ነው። ሥዕሉን ከላይ እስከ ታች ብትፈትሹት አንድ ጥያቄ መልስ አያገኝም፦ *ይህን እንዴት አወቅን?* ፀሐይ በተረጋጋ ሁኔታ የምትኖረው 10 ቢሊዮን ዓመት ገደማ ነው። ቴሌስኮፕ ከተሠራ ገና 400 ዓመት ትንሽ ቢያልፈው ነው። ከጋዝ ደመና እስከ ነጭ ድንክ አንድን ኮከብ ተከትሎ ያየ ሰው የለም፤ አይኖርምም። ታዲያ ቀስቶቹን ማን አሰመራቸው? በምን ማስረጃ?

አንድ ጊዜ የተነሳ ፎቶ

ለጥምቀት ጃንሜዳ የወጣውን ሕዝብ ከላይ ሆኖ አንድ ፎቶ ያነሳ እንግዳ አስቡ። ይህ እንግዳ ስለ ሰው ልጅ ምንም አያውቅም፤ ያለውም ያ ፎቶ ብቻ ነው። በጀርባ የታዘሉ ሕፃናት፣ የሚሯሯጡ ልጆች፣ ወጣቶች፣ ከዘራ የያዙ ሽማግሌዎች ያያል። ማንም ሲያድግ አላየም። ግን ሰው በተለያየ መጠንና መልክ እንደሚገኝ፣ የትኛው መልክ እንደሚበዛ፣ የትኛው እንደሚያንስ መቁጠር ይችላል። አንድ መልክ በብዛት ከታየ ሰው በዚያ መልክ ረጅም ጊዜ ይቆያል ብሎ መገመት ይችላል።

የሥነ ፈለክ ተመራማሪዎች ያሉበት ሁኔታ ይህ ነው። ዊልያም ኸርሸል ገና በ1789 ሰማይን ከአትክልት ቦታ ጋር አመሳስሎት ነበር፦ ማብቀሉን፣ ማበቡንና መጠውለጉን አንድ ተክል ሙሉ ዕድሜውን እስኪጨርስ ሳንጠብቅ፣ የተለያየ ደረጃ ላይ ያሉትን በአንድ ጊዜ በማየት መረዳት እንችላለን።

ግን ልብ በሉ። ከፎቶው ላይ የማይገኝ አንድ ነገር አለ፦ አቅጣጫው። ያ እንግዳ «ሰው ሲወለድ ሽማግሌ ነው፤ ቀስ በቀስ እያነሰ ሄዶ ሕፃን ይሆናል» ብሎ ቢደመድም ፎቶው ብቻውን አያርመውም። ነጥቦቹን ሰማይ ይሰጠናል፤ ቀስቶቹን የምንጨምረው እኛ ነን። በኢንጂነሪንግ ላቦራቶሪ ሪፖርት ስንጽፍ የተለካውን በነጥብ፣ በነጥቦቹ መካከል የምናሰምረውን መስመር ደግሞ ለይተን እናሳያለን፤ ሁለቱን የቀላቀለ ሪፖርት ይመለሳል። የሕይወት ዑደቱ ሥዕል ግን ነጥቦቹን በሙሉ አጥፍቶ ቀስቶቹን ብቻ ነው ያስቀረልን።

ነጥቡ እንዴት ይገኛል? የ«ቡና» ምሳሌ

እስቲ አንድ ነጥብ አብረን እንሥራ። በአንድሮሜዳ ህብረ ከዋክብት ውስጥ በ2019 በዓለም አቀፉ የሥነ ፈለክ ኅብረት በኩል የኢትዮጵያ ስም የተሰጠው ኮከብ አለ፤ ስሙ «ቡና» ነው። የሚዞረው ፕላኔት ደግሞ «አቦል» ይባላል። በዓይን ብቻ አይታይም፤ ባይኖክላር ይፈልጋል።

ከቡና የሚደርሰን ነገር ብርሃን ብቻ ነው። ከዚህ ብርሃን ምን ማውጣት ይቻላል?

*ርቀት።* አውራ ጣታችሁን ከፊታችሁ አቁሙና አንድ ዓይን፣ ከዚያ ሌላውን ጨፍኑ። ጣቱ ከኋላው ካለው ነገር አንጻር ይዘላል። ምድርም ፀሐይን ስትዞር እንዲሁ ሁለት «ዓይኖች» አሏት፤ አንዱ ዛሬ ያለችበት፣ ሌላው ከስድስት ወር በኋላ የምትደርስበት ቦታ ነው። ቅርብ ያሉ ከዋክብት ከሩቆቹ አንጻር በጣም ጥቂት ይንቀሳቀሳሉ። ይህ ፓራላክስ ይባላል። ፍሬድሪክ ቤሰል በ1838 ለመጀመሪያ ጊዜ አስተማማኝ ልኬት ያወጣበት ኮከብ የተንቀሳቀሰው ከአንድ ዲግሪ አምስት ሺኛ በታች ነበር። ቡና በዚህ መንገድ ሲለካ ወደ 200 የብርሃን ዓመት ገደማ ይርቃል። ዛሬ የሚደርሰን ብርሃኑ ዐፄ ቴዎድሮስ ገና ልጅ ሳሉ የተነሳ ነው።

*እውነተኛ ድምቀት።* ርቀቱ ከታወቀ ኮከቡ በእርግጥ ምን ያህል ብርሃን እንደሚያመነጭ ይሰላል። ቡና የፀሐይን 3.3 እጥፍ ገደማ ያመነጫል።

*ሙቀት።* ብረት በእሳት ሲግል መጀመሪያ ይቀላል፣ ከዚያ ቢጫ ይሆናል፣ ከዚያ ወደ ነጭ ይሄዳል። ከዋክብትም እንዲሁ ናቸው፤ ቀዮቹ ቀዝቃዛ፣ ሰማያዊዎቹ ሞቃት። የቡና ገጽ ሙቀት 6,000 ኬልቪን ያህል ነው፤ የፀሐይ 5,800 ገደማ።

*ስፋት።* እዚህ ላይ እርሳስ አንሱ። አንድ ካሬ ሜትር የኮከብ ገጽ የሚያመነጨው ብርሃን ከሙቀቱ አራተኛ ርቢ ጋር ያድጋል። 6,000 ለ5,800 ሲካፈል 1.034 ነው፤ ይህን አራት ጊዜ በራሱ ብናባዛው 1.145 ገደማ ይመጣል። ስለዚህ የቡና እያንዳንዱ ካሬ ሜትር ከፀሐይ የሚበልጠው በጥቂቱ ብቻ ነው። አጠቃላይ ብርሃኑ ግን 3.3 እጥፍ ነው። 3.3 ለ1.145 ሲካፈል 2.9፤ የገጽ ስፋቱ ያን ያህል ይበልጣል ማለት ነው። የዚህ ስኩዌር ሩት 1.7 ገደማ ስለሆነ፣ የቡና ራዲየስ የፀሐይ 1.7 እጥፍ ነው። በእግራችን ሳንሄድ፣ በሜትር ሳንለካ አወቅነው!

*ከምን እንደተሠራ።* ብርሃኑን በቀለማት ዘርግተን ስናየው ጥቁር ጥቁር መስመሮች ይታያሉ። እያንዳንዱ ንጥረ ነገር የራሱ የመስመሮች አሻራ አለው። ብዛቱን ማወቅ ግን አሻራውን ከማየት በላይ ነው፤ ወደዚህ እንመለሳለን።

አሁን ቡናን ሥዕሉ ላይ ፈልጉት። የት ነው? እንደ ፀሐይ ካሉት ጋር እንዳናስቀምጠው፣ ለሙቀቱ ከሚጠበቀው በላይ ሰፍቷል፣ ደምቋል። ቀይ ግዙፍ እንዳንለው ገና ነው። እሱ ያለው ቀስቱ ላይ ነው፤ በሁለቱ ሣጥኖች መካከል። ሥዕሉ ለእንዲህ ያለው ኮከብ ቦታ የለውም።

ተገልብጦ የተሰመረው ቀስት

በ1910ሮቹ መጀመሪያ ዴንማርካዊው አይናር ኸርትስፕሩንግና አሜሪካዊው ሄንሪ ኖሪስ ረስል፣ እያንዳንዳቸው በየራሳቸው፣ የከዋክብትን ሙቀትና ድምቀት በአንድ ገበታ ላይ በነጥብ አስቀመጡ። ነጥቦቹ እንደተበተነ እህል በየቦታው አልወደቁም። አብዛኞቹ ከሞቃትና ደማቅ እስከ ቀዝቃዛና ደብዛዛ በሚወርድ አንድ ሰያፍ ተርታ ላይ ተሰለፉ። ይህን «ዋናው ተርታ» እንበለው። ከተርታው በላይ ደግሞ ቀዝቃዛ ሆነው በጣም የደመቁ፣ ማለትም ግዙፎቹ፣ ነበሩ።

ነጥቦቹ ትክክል ነበሩ። ከዚያ ረስል ቀስት ጨመረ። በእሱ አስተሳሰብ ኮከብ ሕይወቱን የሚጀምረው ቀይ ግዙፍ ሆኖ ነው፤ እየተኮማተረ ይሞቃል፤ ከዚያ በዋናው ተርታ ላይ ከላይ ወደ ታች እየቀዘቀዘ ይንሸራተታል። ዛሬ እንደምናውቀው ቀስቱ የተገላቢጦሽ ነው፦ ቀይ ግዙፍነት የሚመጣው በኋላ ነው፤ ኮከብም በዋናው ተርታ ላይ እንደ ሸርተቴ አይወርድም፣ አብዛኛውን ዕድሜውን አንድ አካባቢ ነው የሚያሳልፈው። የዚያ ዘመን አስተሳሰብ ርዝራዥ እስካሁን በቋንቋው ውስጥ አለ፤ ተመራማሪዎች ሞቃቶቹን ከዋክብት «ቀደምት»፣ ቀዝቃዞቹን «ኋለኛ» ብለው ይጠራሉ።

አያችሁ? ያው ነጥብ፣ ሌላ ቀስት። ረስል ደካማ ሳይንቲስት ሆኖ አይደለም፤ በዘመኑ ከነበሩት ታላላቆች አንዱ ነው። ኮከብ በምን ነዳጅ እንደሚነድ ገና ስላልታወቀ ነው። አርተር ኤዲንግተን ሃይድሮጅን ወደ ሂሊየም ሲለወጥ የሚወጣ ኃይል ሊሆን ይችላል ያለው በ1920 ነበር፤ ሀንስ ቤተ ደግሞ የኒውክሌር ሂደቱን በዝርዝር ያሳየው በ1939 ነው።

በመካከሉ የ25 ዓመቷ ሲሲሊያ ፔይን መጣች። በ1925 የዶክትሬት ጥናቷ፣ ህንዳዊው ሜግናድ ሳሃ ባወጣው ቀመር እየተመራች፣ ከመስመሮቹ ጀርባ ያለውን የንጥረ ነገር ብዛት አሰላች። ውጤቷ ከዋክብት በአብዛኛው ሃይድሮጅን ናቸው የሚል ነበር። ያኔ ግን ከዋክብት እንደ ምድር ያለ ቅንብር አላቸው ተብሎ ይታመን ነበር። ያው ረስል ውጤቱን ስላልተቀበለው፣ ጥናቷ ውስጥ የሃይድሮጅኑ ብዛት እውነተኛ ላይሆን እንደሚችል ጻፈች። በ1929 ረስል ራሱ በሌላ መንገድ እዚያው ድምዳሜ ላይ ደረሰ። ትልቅ ስም ያለው ሰው ከአንዲት ወጣት ልኬት ጋር ሲጋጭ ያሸነፈው በመጨረሻ ልኬቱ ነው። የግድግዳው ሥዕል ይህን ሁሉ ትግል አይነግራችሁም፤ ቀስቱ ከጥንት ጀምሮ እዚያ የነበረ ይመስላል።

ዳኛው፦ እኩዮች

ታዲያ የቀስቱ አቅጣጫ በምን ታወቀ? በእኩዮች። ከአንድ ደመና በአንድ ዘመን ገደማ የተወለዱ ከዋክብት በክምችት ይኖራሉ። ብዙ ሰው «ሰባቱ ከዋክብት» ብሎ የሚያውቀው ፕሌያዲስ አንዱ ነው፤ ዕድሜው ወደ 100 ሚሊዮን ዓመት ገደማ ነው። ኤም67 የሚባለው ሌላ ክምችት ደግሞ 4 ቢሊዮን ዓመት ገደማ ሆኖታል።

የሁለቱን ከዋክብት ለየብቻ በገበታው ላይ አስቀምጡ። በፕሌያዲስ ዋናው ተርታ ላይ ሰማያዊና ደማቅ የሆኑት ገና አሉ። በኤም67 የሉም፤ ተርታው ከላይ ተቆርጧል፣ ከተቆረጠበት ቦታም ወደ ቀይ ግዙፎቹ የሚታጠፍ መንገድ ይታያል። እኩዮች ስለሆኑ ልዩነታቸው የቁስ መጠን ብቻ ነው። ትልልቆቹ ነዳጃቸውን ቶሎ ጨርሰው ከተርታው ወጥተዋል። ለምን ቶሎ? ከፀሐይ 10 እጥፍ የሚከብድ ኮከብ ነዳጁ 10 እጥፍ ነው፤ የሚያቃጥለው ግን በሺዎች እጥፍ ነው። በ1952 አለን ሳንዴጅና ማርቲን ሽቫርትስሺልድ ከዋክብት ነዳጃቸውን በመሃላቸው ሲጨርሱ ወደ ግዙፍነት እንደሚሄዱ በስሌት አሳዩ፤ ስሌቱም ከክምችቶቹ ጋር ገጠመ። ቀስቱ የተረጋገጠው እንዲህ ነው። የተቆረጠበትን ቦታ በማየት የክምችቱን ዕድሜ መናገርም ይቻላል።

ይህን ክፍል ከሥዕሉ ማውጣት የወንጀል ምርመራ ታሪክ ተርኮ ማስረጃውን መዝለል ነው።

ሌሎች ሦስት ቅሬታዎች

*አንደኛ፣ ጊዜው።* ሥዕሉ ላይ ሁሉም ደረጃ እኩል ሣጥን አለው። የፀሐይን 10 ቢሊዮን ዓመት በ1 ሜትር መስመር እናስምር። 1 ሚሊዮን ዓመት 0.1 ሚሊ ሜትር ይሆናል። ያ የሚያምረው የጋዝ ቀለበት የሚቆየው 20,000 ዓመት ገደማ ስለሆነ 0.002 ሚሊ ሜትር ይደርሰዋል፤ ከፀጉራችሁ በብዙ እጥፍ ይቀጥናል። ከፀሐይ 10 እጥፍ የሚከብደው ኮከብ ሙሉ ሕይወቱ ከ2 እስከ 3 ሚሊ ሜትር ነው። ሰማይ ላይ የጋዝ ቀለበት ብርቅ፣ የዋናው ተርታ ከዋክብት ግን ብዙ የሆኑት ለዚህ ነው።

*ሁለተኛ፣ የቀሩት።* ከጋላክሲያችን ከዋክብት ብዙዎቹ፣ ከአሥር ሰባት ገደማ፣ ቀይ ድንኮች ናቸው። ትንንሽ፣ ቀዝቃዛና ቆጣቢ ናቸው፤ አንዳቸውም በዓይን ብቻ አይታዩም። ከፀሐይ ቀጥሎ ለእኛ ቅርብ የሆነው ፕሮክሲማ ሴንታውሪ ሳይቀር። የትንንሾቹ ዕድሜ በትሪሊዮን ዓመታት ይቆጠራል፤ በዚያው መስመራችን ከ100 ሜትር በላይ ማለት ነው። ዓለሙ ራሱ ገና 13.8 ቢሊዮን ዓመቱ ስለሆነ ከእነሱ አንድም በእርጅና የሞተ የለም። ብዙኃኑ ከሥዕሉ ውጭ ናቸው! ጥንድ ሆነው የሚዞሩትም እንዲሁ ተረስተዋል። የከዋክብትን ክብደት በቀጥታ የምንለካው ግን አንዱ ሌላውን ሲዞር በማየት ነው። አንዱ የሌላውን ቁስ ሲስብም የሁለቱም ዕጣ ይቀየራል።

*ሦስተኛ፣ እርግጠኝነቱ።* «ቀይ ልዕለ ግዙፍ፣ ከዚያ ሱፐርኖቫ» ይላል ሥዕሉ። በፌብሩዋሪ 1987 በትልቁ የማጄላን ደመና ውስጥ አንድ ኮከብ ሲፈነዳ ታየ፤ በዘመናዊ መሣሪያ ከተጠኑት ሁሉ የቅርቡ ነበር። ከመፈንዳቱ በፊት የተነሱ ፎቶዎች ስለነበሩ ኮከቡ የትኛው እንደሆነ ተለየ። ቀይ አልነበረም፤ ሰማያዊ ልዕለ ግዙፍ ነበር።

«ቀይ ግዙፍ» የሚለው ሣጥንም አንድ ዓይነት ነገር ብቻ አልያዘም። ማሰሮ ስትገዙ በጣት መታ አድርጋችሁ ድምጹን ትሰሙ የለ? የተሰነጠቀው በድምጹ ይታወቃል። ኮከብም ይንቀጠቀጣል፤ ብርሃኑ በጣም በጥቂቱ ከፍ ዝቅ ይላል። በ2011 የኬፕለር የጠፈር ቴሌስኮፕ ልኬቶች እንዳሳዩት፣ ከውጭ አንድ የሚመስሉ ቀይ ግዙፎች በውስጣቸው ይለያያሉ፤ አንዱ በመሃሉ ሂሊየም ያነዳል፣ ሌላው ገና አልጀመረም። ሣጥኑ አንድ፣ ነዋሪው ሁለት።

የተሻለው ሥዕል

እኔ ግድግዳው ላይ እንዲሰቀል የምመርጠው ሌላ ነው። የአውሮፓ የጠፈር ድርጅት በ2013 ያመጠቀው ጋያ የተባለ መንኮራኩር እስከ 2025 መጀመሪያ ድረስ ወደ ሁለት ቢሊዮን የሚጠጉ ከዋክብትን ሲለካ ቆየ። በ2018 ከወጣው መረጃ የተሠራው ገበታ ከ4 ሚሊዮን በላይ ከዋክብት አሉበት። እያንዳንዱ ነጥብ የተለካ ኮከብ ነው። ዋናው ተርታ፣ የግዙፎቹ ቅርንጫፍ፣ ከታች የነጭ ድንኮቹ ሰንበር፣ ሁሉም ቀስት ሳይሰመርላቸው ይታያሉ።

ነጥብን ማክበር ጥቅሙ እዚህ ላይ ይገለጣል። በነጭ ድንኮቹ መካከል ያልተጠበቀ መጨናነቅ ታየ። በ2019 ተመራማሪዎች ምክንያቱን አስረዱ፦ የነጭ ድንክ ውስጡ ሲቀዘቅዝ እንደ ክሪስታል ይጠጥራል፣ ሲጠጥርም ሙቀት ስለሚለቅ ቅዝቃዜው ይዘገያል። የግድግዳው ሥዕል ላይ ነጭ ድንክ «መጨረሻ» ነው፤ ቀስቱ እዚያ ይቆማል። ነጥቦቹ ግን ታሪኩ እንዳልቆመ ነገሩን።

ለዚህም ሥዕል ሂስ አለኝ። ለጀማሪ ያለ አስረጂ የፈሰሰ ጤፍ ነው የሚመስለው። ደብዛዛ ከዋክብት የሚታዩት ቅርብ ሲሆኑ ብቻ ስለሆነም የነጥቦቹን ብዛት እንዳለ የእውነተኛው ዓለም ድርሻ አድርጎ መውሰድ ያሳስታል። ስለዚህ የድሮውን ቅደዱት አልልም። ሁለቱን ጎን ለጎን ስቀሏቸው፤ አንዱ ድምዳሜውን፣ አንዱ ማስረጃውን ይንገራችሁ።

ከሁሉም የምወደው ይኸኛው ሥዕል ለእናንተም ክፍት መሆኑ ነው። የጋያ መረጃ በኢንተርኔት በነጻ ይገኛል። ሱፐር ኮምፒውተር አያስፈልግም፤ ኤክሴል ይበቃል። የፕሌያዲስንና የኤም67ን የተወሰኑ መቶ ከዋክብት ቀለም በአግድም፣ ድምቀታቸውን በቁም አስቀምጡ። ድምቀቱን ሽቅብ እንዲጨምር አድርጉት፤ በሥነ ፈለክ አነስተኛ ቁጥር ማለት የበለጠ ድምቀት ስለሆነ የቁሙ መስመር መገልበጥ አለበት። አንዱ ተርታ ሙሉ፣ ሌላው ከላይ የተቆረጠ ሆኖ ይወጣላችኋል። ያኔ ወረቀታችሁን ይዛችሁ ወደ ክፍላችሁ ግድግዳ ሂዱና፣ ሥዕሉ ላይ ካሉት ቀስቶች የትኛውን ራሳችሁ እንዳረጋገጣችሁ፣ የትኛውን ገና በእምነት እንደያዛችሁት ምልክት አድርጉበት። በእምነት የያዛችሁትን ደግሞ ለመምህራችሁ በጥያቄ አቅርቡት።